ግንባር ላይ የወረደ ፀጉር

ልጅ እያለሁ የሰፈር ስሜ «ግንባራም» ነበር። ማንም ለክፋት ብሎ አልጠራኝም፤ እንደውም ዳቦ ሊልኩኝ ሲፈልጉ ነው «ነይ እስቲ አንቺ ግንባራም» የሚሉኝ። እኔ ግን መስታወት ፊት ቆሜ ግንባሬን በመዳፌ እየሸፈንኩ፣ ይሄ ባይኖር ምን እመስል ነበር እያልኩ አደግኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ የቤቲ ፔጅን ፎቶ ስልኬ ላይ አየሁ። ጥቁር ፀጉር፣ ከቅንድቧ ከፍ ብሎ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ፤ የደመቀ ከንፈር፤ ወገብ ላይ ጥብቅ ያለ ልብስ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳቋ። በማግስቱ ፀጉር ቤት ገብቼ አስተኮስኩና «እዚህ ጋ ቁረጪልኝ» አልኳት።

ሁለት ሰዓት አልቆየም። ሐምሌ ነበር። ታክሲ ሰልፍ ላይ ካፊያ ያዘኝ፣ ቤት ስደርስ የተቆረጠው ፀጉር ተጠቅልሎ ግንባሬ አናት ላይ ቁጭ ብሏል። እናቴ አየችኝና «ምን ነካሽ ልጄ?» ብላ ሳቋን መያዝ አቃታት። እስኪያድግ ድረስ ወራት ሙሉ ሻሽ አሰርኩ። ይቺ ሴት ግን ማን ናት ብዬ ማንበብና ማየት የጀመርኩት በነዚያ ወራት ነው።

ፒን አፕ የሚለው ስም ከአጠቃቀሙ የመጣ ነው፤ ከመጽሔት ወይም ከካሌንደር ተቀዶ ግድግዳ ላይ በስፒል የሚሰካ የሴት ምስል ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደመቀ። ቤቲ ግሬብል በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዋና ልብስ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በትከሻዋ በኩል ዞር ብላ ፈገግ ያለችበት ፎቶ በአሜሪካ ወታደሮች ዘንድ በጣም ከታወቁት አንዱ ነበር። ዛሬ ያንን ዘመን የሚለብሱት ሴቶች ናቸው፤ ክሎሽ ቀሚስ፣ በቢጎዲን የተጠቀለለ ፀጉር፣ በኩል የተሳበ ዓይን፣ ቀይ ሊፒስቲክ። ብዙዎቹ «በራሴ መተማመን የጀመርኩት እዚህ ነው» ይላሉ። እኔም ብያለሁ። አንዷ ጓደኛዬ ግን አንድ ቀን ቡና እየጠጣን «ወንዶች ለወንዶች የሠሩትን ሴት ለብሰሽ ነው ራሴን አገኘሁ የምትይው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጓደኛዬ ልክ የምትሆንበት ቦታ አለ። የጊል ኤልቭግረንን ሥዕሎች እዩ። ለብራውን ኤንድ ቢግሎው የካሌንደር ኩባንያ ብዙ የሠራ፣ በዚህ ሙያ ከሁሉ የታወቀ ሠዓሊ ነው። ሥዕሎቹ ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። የሆነ ነገር የሴትየዋን ቀሚስ ይይዘዋል ወይም ይገልበዋል፤ ነፋስ፣ የውሻ ማሰሪያ፣ በር፣ ቅርንጫፍ። እሷም አፏን ክብ አድርጋ «ውይ!» የምትል ትመስላለች። ኤልቭግረን ሞዴሎቹን መጀመሪያ ፎቶ ያነሳ ነበር፤ ከዚያ ሲስል እግር ያስረዝማል፣ ወገብ ያቀጥናል። ፎቶውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን ስታዩት ሰውዬው ምን እንደቀነሰና ምን እንደጨመረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀለሙ ያምራል፣ እጁ የሚገርም ነው። ሴትየዋ ግን እዚያ ሥዕል ውስጥ ምንም አትሠራም፤ ነገር ይደርስባታል እንጂ። ከዚህ በራስ መተማመን ይገኛል የሚል ካለ እኔ አላየሁትም።

ቤቲ ፔጅ ጋ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የማርክ ሞሪን የ2012 ዘጋቢ ፊልም «ቤቲ ፔጅ ሪቪልስ ኦል»ን ሦስት ጊዜ አየሁት። ታሪኩን የምትነግረን ራሷ ናት፣ በእርጅናዋ በተቀዳ ድምፅ። ሻካራና የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ቅላጼ ያለው ድምፅ ነው፤ ስለ ከባድ ነገር ስታወራ እንኳ አትንቀጠቀጥም። በ1923 ናሽቪል ተወለደች። ቤተሰቡ ድሃ ነበር፤ አባቷ በልጅነቷ ያደረሰባትን ወሲባዊ ጥቃት ራሷ ተናግራለች። ለአንድ ዓመት ያህል ከእህቶቿ ጋር ሕፃናት ማሳደጊያ ኖራለች። ከእህቶቿ ጋር የፊልም ተዋናዮችን ፀጉርና የፊት ቀለም እየኮረጁ ይጫወቱ ነበር፤ ልብስ መስፋትም ተማረች። በኋላ ፎቶ ስትነሳ ብዙዎቹን የዋና ልብሶች የሰፋችው ራሷ ናት፤ ሜካፑንም ፀጉሯንም የምትሠራው እሷው ናት።

ፀጉሩስ? እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። በ1950 ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ጄሪ ቲብስ የሚባል ጥቁር ፖሊስ አገኛት። ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው ነበር። ግንባርሽ ሰፊ ስለሆነ ፀጉር ብታወርጂበት ይሻላል ብሎ መከራት፤ ቆረጠችው። በቃ። በዓለም ዙሪያ ሴቶች እንደ ድፍረት ምልክት የሚቆርጡት ያ ፀጉር ግንባር መሸፈኛ ነበር! እኔ ከግንባሬ ስሸሽ የያዝኩት መልክ የሌላ ግንባራም መሸሸጊያ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር አሳዘነኝ። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እሷ ምክሩን ሰማች፣ ሞከረችው፣ ወደደችው፣ ከዚያ የራሷ አደረገችው። መነሻው እፍረት መሆኑ መድረሻውን አልወሰነባትም።

ይህ በደንብ የሚታየው በ1954 ፍሎሪዳ ውስጥ በኒ ዬገር ባነሳቻት ፎቶዎች ላይ ነው። ዬገር ራሷ ሞዴል ነበረች፤ ከዚያ ካሜራውን አዙራ ፎቶ አንሺ ሆነች፣ የራሷን ምስል በማንሳትም ታወቀች። እሷ ባነሳቻቸው ፎቶዎች ላይ ቤቲ «ውይ!» አትልም። ፊት ለፊት ታያለች፣ ትዘላለች፣ እጇን ዘርግታ ትስቃለች፤ ጨዋታው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከካሜራው ጀርባ ያለችውም ሴት ታውቃለች። የኤልቭግረንን ሥዕልና የዬገርን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ፤ ልብሱ ተመሳሳይ፣ ዘመኑ ያው፣ የሚሰካበትም ግድግዳ ያው ነው። ልዩነቱ ምስሉን በመሥራት ውስጥ የሴትየዋ እጅ መኖሩ ላይ ነው። ለጓደኛዬ ያኔ መመለስ የነበረብኝ ይሄንን ነው።

ግን መልሱ ሙሉ አይደለም። ከነዚያ ፎቶዎች በጣም የታወቁት ቤቲ ራሷ የሰፋችውን የነብር ቆዳ የሚመስል ልብስ ለብሳ ከአቦሸማኔዎች ጋር የተነሳቻቸው ናቸው። የተነሱት ቦካ ራቶን ውስጥ በነበረ የእንስሳት ፓርክ ነው፤ የፓርኩ ስም «አፍሪካ ዩ.ኤስ.ኤ.» ነው። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ይህን ፎቶ ስወድ ምን እየወደድኩ ነው? የኔ አህጉር እዚያ ውስጥ ጌጥ ነው፤ አውሬ፣ ቁጥቋጦ፣ ነጠብጣብ ያለው ጨርቅ። በአፍሪካ ስም በተጠራ ቦታ፣ አፍሪካዊ በሌለበት፣ አንዲት ነጭ ሴት ነፃነቷን ትጫወታለች። ስፌቱን አደንቃለሁ፤ ይሄኛውን ግን ዓይቼ እንዳላየ ማለፍ አልችልም።

በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 1 ቀን፣ ዶረቲ ዳንድሪጅ «ካርመን ጆንስ» ላይ በተወነችበት ገጸ ባሕርይ «ላይፍ» መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ ለጥቁር ሴት የመጀመሪያው ነበር። ከእሷ በፊት በጦርነቱ ዘመን የጥቁር ወታደሮች ፒን አፕ ሊና ሆርን ነበረች። በ1942 ከኤም.ጂ.ኤም. ጋር ተፈራርማ ብዙ ፊልም ላይ ታይታለች፤ ዘፈኖቿ ግን ከታሪኩ ተነጥለው የሚቆሙ ነበሩ፣ የደቡብ ሲኒማ ቤቶች ቆርጠው እንዲያወጧቸው። አስቡት፤ ወታደሩ ሣጥኑ ክዳን ላይ የሚሰካት ሴት፣ ሀገሩ ከፊልም ላይ የምትቆርጣት ሴት ናት። ለእሷ መታየት ራሱ ትግል ነበር። የፒን አፕን ታሪክ በቤቲ ብቻ የሚነግሩን ሰዎች ይህንን ግማሽ ይረሱታል፤ እኔም ፀጉሬን ስቆረጥ ረስቼው ነበር። ሊናን ወይም ዶረቲን ይዤ ብገባ ፀጉር ሠሪዋ ምን ትለኝ ነበር?

የሞሪ ፊልም የሚደክመውም ከዚህ ጋር በሚመሳሰል ነገር ነው። ታዋቂ ሰዎች ይደረደራሉ፤ ሂዩ ሄፍነር፣ ዲታ ቮን ቲስ፣ ሌሎችም። ሁሉም ነፃ አወጣችን፣ ለወጠችን ይላሉ። የእሷ ድምፅ ግን ሌላ ነገር ያወራል። መምህርነት ተምራለች፣ ተዋናይ መሆን ፈልጋለች፣ ፎቶው እንጀራ ነበር። በ1957 ሥራውን ትታ ወጣች፣ ወደ ሃይማኖት ገባች፤ ከዚያ ሕመምና ረጅም የሆስፒታል ዓመታት። ምስሏ እንደገና ሲነግሥና ሌሎች ሲነግዱበት ለረጅም ጊዜ አታውቅም ነበር። በ2008 እስክታርፍም ድረስ ሰው በወጣትነቷ እንዲያስታውሳት ስለፈለገች ያረጀ ፊቷን ለካሜራ እምብዛም አልሰጠችም። ፊልሙ ይህንን እንደ ውብ ምስጢር ያልፈዋል። እኔን ግን ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። በራስ የመተማመን ምልክት የሆነችው ሴት በራሷ እርጅና አልተማመነችም፤ ወይም ደግሞ ምስሌ የኔ ነው፣ ሲበቃኝ በቃኝ ማለቷ ነው። ሦስት ጊዜ አይቼውም አልለየልኝም።

ከዚህ ሁሉ ለኔ የቀረልኝ መርፌው ነው። ሻሽ ባሰርኩባቸው ወራት የጎረቤታችንን የስፌት መኪና እየተዋስኩ መስፋት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀሚስ አንገቱ አልገባ አለኝ፤ ሁለተኛው ክንዱ ስር ተቀደደ። ሦስተኛው ሰማያዊ ነጭ ነጠብጣብ ክሎሽ ነው፣ ትልልቅ ሁለት ኪስ አለው። የት ጋ እንደሚጠብ፣ የት ጋ እንደሚለቅ እኔ ነኝ የወሰንኩት። ፀጉሬንም መተኮስ ትቼ ራሱን እንደተጠቀለለ ወደ ላይ አነሳዋለሁ፤ ቢጎዲን እንኳ ብዙ አያስፈልገውም፣ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ የሚደክሙለትን ጥቅል እኔ ይዤው ነው የተወለድኩት። ግንባሬ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው።

ባለፈው ሰርግ ላይ ያንን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። አክስቴ ግንባሬን ሳመችና «አደግሽ እኮ፣ ግንባራም!» አለችኝ። ማን እንደሰፋው ጠየቀችኝ።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

አዙራኝ ጀርባዬን አየች። «ዚፑ ጠሟል» አለች።

እውነቷን ነው፣ ጠሟል።