መጀመሪያ የሚጻፈው የመኝታ ሰዓት ነው

ታዳጊ ሯጮችን የሚያሠለጥን ሰው ልጆቹን መመዘን የሚጀምረው ሰዓት መያዣውን ከኪሱ ሳያወጣ ነው። ጫማቸውን ሲያስሩ፣ ሰላምታ ሲሰጡ፣ ለማሟሟቂያ ሲሰለፉ አያቸዋለሁ። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ይታወቃል። ከዓይኑ ይልቅ ጠባዩ ቀድሞ ይናገራል፤ ጓደኛው ትከሻውን ሲነካው ይቆጣል፣ አሁን የነገርኩትን መልሶ ይጠይቀኛል፣ ቀላል ሩጫ ላይ ከወትሮው በላይ ያለከልካል። ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ የሚቆጥረው የልብ ምት ከለመደው ከፍ ብሎ ይገኛል። አንዱ ጉንፋን ሳይለቀው ሌላው ይተካል፣ በሳምንት ሊድን የሚገባው የቅልጥም ሕመም ወር ይከርማል። ይህን ስናይ ብዙ አሠልጣኞች ቶሎ የምናነሳው የምግብን፣ የጫማን ወይም የስንፍናን ነገር ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ ያመንኩት አንድ ነገር አለ፦ ተማሪ ሯጭ የሚያሠለጥን ሰው በመርሃ ግብሩ ላይ መጀመሪያ ሊጽፍ የሚገባው የመኝታን ሰዓት ነው።

ልምምድ ብቻውን ማንንም አያጠነክርም፤ ያደክማል። ዳገት የሮጠ ጡንቻ ይጎዳል፣ የተጠራቀመው ጉልበት ይሟጠጣል፣ ገና በማደግ ላይ ያለው አጥንት ጫና ያርፍበታል። የተጎዳው የሚጠገነውና ከበፊቱ በርትቶ የሚገኘው በእረፍት ነው፤ ከእረፍት ሁሉ ደግሞ እንቅልፍን የሚተካ የለም። በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ጥልቁ እንቅልፍ ይበዛል፤ የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም ያን ጊዜ ነው። ወደ ንጋት ሲጠጋ ደግሞ ብዙውን ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ዓይነት እየረዘመ ይሄዳል። አእምሮም ቀን የተማረውን የሚያደራጀውና የሚያጸናው ተኝተን ሳለ ነው፤ የሒሳብ ቀመርም ይሁን የመሰናክል አዘላለል። ስለዚህ እንቅልፉን የቆረስንበት ልጅ እግሩም ደብተሩም ይጎዳሉ።

እስቲ የአንድን ተማሪ ቀን እንደምር። ልጁ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ይነሳል፤ 11 ሰዓት ተኩል እንጦጦ ጫካ ውስጥ መሮጥ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ቤት ወርዶ ተጣጥቦ፣ ያገኘውን ቀማምሶ፣ በታክሲ ተጋፍቶ 2 ሰዓት ትምህርት ቤት ይገኛል። ማታ የቤት ሥራው፣ እራቱ፣ ወሬውና ስልኩ አልቀው ጋደም የሚለው 5 ሰዓት ላይ ነው። የተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ዝቅተኛውን 8 ሰዓት ብንይዝ እንኳ ይህ ልጅ በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በአምስት የትምህርት ቀናት ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል። ቅዳሜ ረጅሙን ሩጫ የምናስሮጠው ይህን ዕዳ ተሸክሞ ነው።

«ታዲያ ለምን በጊዜ አይተኛም?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ጉርምስና ሲገባ የሰውነት ሰዓት ራሱ ይዘገያል። ለሰውነት መምሸቱን የሚነግረው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በጎረምሳ ላይ መመንጨት የሚጀምረው ከሕፃን ዘግይቶ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ አልመጣልህ ያለው የ15 ዓመት ልጅ እምቢተኛ አይደለም፤ ዕድሜው ነው። በአሜሪካ የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መግቢያ በእኛ አቆጣጠር ከ1:50 ወደ 2:45 ሲገፋ፣ የተጠኑት ተማሪዎች በየሌሊቱ 34 ደቂቃ ገደማ ጨምረው ተኝተዋል። መግቢያው ቢዘገይ ይበልጥ ያመሻሉ ተብሎ የተፈራው አልሆነም። እኛ የትምህርት ቤቱን ደወል ማዘዝ አንችልም። የልምምዱን ሰዓት ግን የምንወስነው እኛው ነን።

ጉዳቱን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ዘወትር አስታውሳለሁ። በሎስ አንጀለስ 112 ተማሪ ስፖርተኞች የተጠኑ ሲሆን፣ በሌሊት ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት በ1.7 እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በየሌሊቱ 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ከሳምንታት በኋላ ሲፈተኑ፣ በአጭር ርቀት ሩጫ ፈጥነዋል፣ የቅጣት ምት አገባባቸውም በ9 በመቶ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ይህ ጥናት 11 ተጫዋቾችን ብቻ የያዘ ነው፤ ቢሆንም አቅጣጫው በሜዳ ላይ ከማየው ጋር አንድ ነው።

ሌሊት መነሳት የጀግንነት ምልክት ሆኖ ስለኖረ ይህን ማንሳት በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ልጆቹ የታላላቆቹን ሯጮች ፈለግ መከተላቸው ያኮራል። ችግሩ የሚከተሉት የታላላቆቹን ጠዋት ብቻ መሆኑ ላይ ነው። የክለብ አትሌት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ከሮጠ በኋላ ቁርሱን ይበላል፣ ያርፋል፣ ከምሳ በኋላ ደህና አድርጎ ይተኛል፣ ወደ ማታ ቀለል ያለ ሩጫ ይሠራል፣ በጊዜም ይጋደማል። ያን የከሰዓት እንቅልፍ ማንም ቆሞ አያየውም። ተማሪው ግን በዚያ ሰዓት ፊዚክስ እየተማረ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር የማያውቅ የለም፤ ልጆቹም ይጠቅሱልኛል። እኔም የምመልስላቸው ይህን ነው፦ የኃይሌ ትምህርት ቤት መንገዱ ራሱ ልምምዱ ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያልቁ ነበር። የእናንተ ግን ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፤ ለሁለቱም የሚበቃ ሌሊት ያስፈልጋችኋል።

እንቅልፋቸውን የሚወስደው ምን እንደሆነ ለማወቅ ቤታቸው መሄድ ግድ ይላል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። እዚያ የሚኖር አንድ የማሠለጥነው የ14 ዓመት ልጅ ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው በድንገት እግሩ ከበደው፤ ዳገት ላይ ከኋላ መቅረት ጀመረ። ቤቱ ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት፤ የአባቱ የሽመና ዕቃ ከልጁ አልጋ ሁለት እርምጃ አይርቅም። የበዓል ትእዛዝ ስለተከማቸ አባቱ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሠራሉ። ጉዳዩን ሳነሳላቸው መወርወሪያውን እንደያዙ ቀና ብለው፣ «ኮች፣ እሱ እኮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚህ ድምፅ ነው የሚተኛው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ልጁም ድምፁ ምንም እንደማይለው ነገረኝ። ትራሱ ላይ ጋደም ብዬ ቀና ስል ግን አምፖሉ ቀጥ ብሎ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም እዚህ ጋር ጋደም ይበሉና ይዩት» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ መነጋገር አላስፈለገም። በዚያው ምሽት ያረጀ ጋቢ በሲባጎ አልጋውና ዕቃው መካከል ዘረጉ፣ አምፖሉንም ዝቅ አድርገው ወደ ሥራቸው አዞሩት። የቤቱ እንጀራ ሳይነካ ልጁ ጨለማ አገኘ።

የሴቶቹ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ከእራት በኋላ ዕቃ የምታጥበው፣ ለነገ ሊጥ የምታቦካው፣ ታናሾቿን የምታስተኛው ሴቷ ልጅ ናት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን መሙላትም ብዙ ጊዜ የሴት ልጅ ዕጣ ነው። ወንድሟ በተኛበት ሰዓት ሁለት ጊዜ የተነሳች ልጅ ጠዋት ከእሱ እኩል እንድትሮጥ ስንጠብቅ ፍርደ ገምድል መሆናችን ነው። እናቶችን ሳናግር ልጅቷን ከሥራ አውጧት አልልም። «እትዬ፣ የውሃውን ተራ ወንዶቹም ይካፈሉ፤ ልምምድ ባላት ዋዜማ እሷ ትተኛ» እላለሁ። ከወቀሳ የራቀና ተራውን በግልጽ ያስቀመጠ ጥያቄ ሲቀርብላቸው የሚሰሙ እናቶች ብዙ ናቸው።

ሌላው ሌባ ራሳቸው ልጆቹ የሚጋብዙት ነው። በአውሮፓ የክረምት ወራት የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምርና ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ የስልክ ክርክሩ አለ። ማትሪክ ሲቃረብም እግርን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያነቡ ማደር አሁንም እንደ ጉብዝና ይቆጠራል። ያነበቡት ነገር እንዲጸና አእምሮ እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ስነግራቸው የሚያምኑኝ ራሳቸው ሲሞክሩት ነው። በፈተና ወራት ልምምዱን የምቀንሰው እኔ ነኝ፤ ከልጁ ቀን ላይ አንድ ነገር መቀነስ ካለበት እንቅልፉ አይቀነስም።

መርሃ ግብር የማወጣው ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት መድረስ ያለበትን ሰዓት እይዛለሁ፣ ከዚያ የመነሻውን፣ ከመነሻው ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥሬ የመኝታውን እጽፋለሁ። የተረፈው ቦታ የልምምዱ ነው። በፈረቃ የሚማሩት በዚህ ይታደላሉ፤ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይሮጣል፣ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ይሠራል። ሙሉ ቀን የሚማሩት ከትምህርት በኋላ ያጠረ ነገር ይሠራሉ፣ ከባዱን ለቅዳሜና እሑድ እናቆየዋለን። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የጠዋት ብርሃን ደግሞ የዘገየውን የሰውነት ሰዓት ወደፊት ይስባል። ስለዚህ በድቅድቅ ጨለማ ከመሮጥ ጎህ ከቀደደ በኋላ መሮጥ ለማታው እንቅልፍም ይጠቅማል፤ ከጅብና ከመኪና ስጋትም ያድናል።

የቀረው ትንንሽ ነገር ነው፤ ግን ይደመራል። የቀን እንቅልፍ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ያውም ከ10 ሰዓት በፊት። ቡና ከምሳ በኋላ የለም፤ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። ስልክ ከትራስ ሥር ወጥቶ እናት ዘንድ ያድራል። እሑድ ቢተኙም ከዘወትሩ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፉም፤ አለዚያ የእሑድ ማታ እንቅልፍ ይሸሻቸዋል። ለውድድር ዋዜማ ደግሞ ይህን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፦ ጃን ሜዳ ከመሮጣችሁ በፊት ያለችው ሌሊት ብትረበሽ አትደንግጡ፤ ሳምንቱን በደንብ የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት አይወድቅም። እንቅልፍ አጣለሁ የሚለው ፍርሃት ራሱ እንቅልፍ ከሚነሱ ነገሮች አንዱ ነው።

በመርሃ ግብር የማይፈታም አለ። በእንቅልፉ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ማታ እግሩ አላርፍ የሚለው፣ ጨለማና ጊዜ አግኝቶም ለሳምንታት እንቅልፍ ያልወሰደው፣ ወይም ጭንቀት የያዘው ልጅ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። በረጅም ርቀት ሯጮች፣ በተለይ በሴቶች ላይ የሚታየው የብረት ማዕድን እጥረትም እግርን ማታ እረፍት ሊነሳ ስለሚችል በደም ምርመራ ይታያል። እዚህ ላይ የአሠልጣኝ ሙያ ማስተዋልና መላክ ነው።

በእጃችን ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ብሔራዊ ቡድን አይገቡም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወላጆቻቸውም ውስጥ ውስጡን ያውቃሉ። ስለዚህ ከእኛ ጋር ባሳለፉት ዓመታት ምን ይዘው ሄዱ የሚለው ጥያቄ ከሜዳሊያው ይሰፋል። እንቅልፉ የተጠበቀለት ልጅ ቢያሸንፍ ጤናማ እግር ይዞ ወደ ክለብ ይገባል፤ ባያሸንፍ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነቅቶ የተማረ፣ ጤናውን ያላጣ ወጣት ሆኖ ይሄዳል። ከምንሰጣቸው ልምምድ ሁሉ በሁለቱም መንገድ ዋጋው የማይወድቅ ይህ ብቻ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የተሰለፉ ልጆችን በኩራት የምናሳይ አሠልጣኞች ሁሉ፣ እነዚያ ልጆች ማታ ስንት ሰዓት እንደተኙ ለመመለስም ኃላፊነት አለብን።