ስለትና ቆጠራ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ማንኩሳ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የራሷ ስፍራ አላት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች የገጠር መንደር ነው። መጽሐፉ የባላባታዊውን ሥርዓት ግፍ በማጋለጡ ብዙ ተብሎለታል። ነገር ግን ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚያነሣው ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሰው የሚያድገው ፍጹም እንዲሆን በመገደድ ነውን? ወይስ በየዕለቱ በመታረም?

በዛብህ የእናቱ የውድነሽ ስለት ነው። ስለት እርከን የለውም፤ ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ ፈርሷል። በፍቅርና በፍርሃት የተገባው ቃል ልጁ ጎልምሶ ሲያፈቅር እስራት ይሆንበታል። በሌላው ወገን ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር ሲያማርጡ ዕድሜዋን ያሳልፉባታል። አንዱ የሕይወት፣ ሌላው የደም ንጽሕና ይጠይቃል። ሁለቱም እንከን አይሹም፤ ሁለቱም ሕይወትን ያመክናሉ። የልብ ወለዱ ጥልቀት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ያው የጎጃም ምድር ተቃራኒውን ትምህርትም አሳድጓል። ምዕራብ ጎጃም የዋሸራ ቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሹን ይለምናል፤ ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ሥር ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የተነገረው ቅኔ አይደገምም፤ ነገ ሌላ ይቆጠራል። የዛሬው ጉድለት የነገው ትምህርት እንጂ የተማሪው ውድቀት ተደርጎ አይታይም።

በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስም የአብነት ትምህርት ቤት ፍሬ ናቸው። ይህን ታላቅ ሥራ ያበረከቱት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ሥራውም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። የጉዱ ካሣ ረጃጅም ንግግሮች አንዳንድ ጊዜ የታሪኩን ፍሰት ይገቱታል። ቢሆንም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ሳይቀር በዛብህን እንደ ዘመዱ አልቅሶለታል። ሕያው ሥራ እንከኑን ይዞ ይኖራል፤ ፍጹምነትን እየጠበቀ ከመሳቢያ ያልወጣ ድርሰት ግን አንባቢም አራሚም የለውም።

ይህ አስተያየት ለግድየለሽነት በር ይከፍታል የሚል ይኖር ይሆናል። የቅኔ መምህር ጆሮ ግን ሰምና ወርቁ ያልተስማማውን፣ ቤቱ የጎደለውን አያሳልፍም። የሚታገሠው የጀማሪውን አለመብሰል እንጂ ለመታረም እምቢ ማለትን አይደለም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ትምህርት ቤቶች ግጥምና ተውኔት የሚሞክሩ ወጣቶች የሚያሻቸው እንዲህ ያለ ጆሮ ነው። መምህሩም ሆነ ሃያሲው የመጀመሪያውን ድርሰት በአንድ ጉድለቱ ከቀበረው ከፊታውራሪ መሸሻ በምን ይለያል? ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር መወድስ የደረሰ ባለቅኔ የለም።