የስምንት ሰዓት ከተማ፦ መንገደኛው፣ አስጎብኚውና ሐውልቱ

ከተማ ለነዋሪው ቤት፣ ለእንግዳው ትዕይንት ነው። ትዕይንት ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ ይዘትና ቅርፅ አለው፤ ይዘትና ቅርፅ ያለው ነገር ሁሉ ለሂስ የተጋለጠ ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አርፎ ቀጣይ በረራውን ለረጅም ሰዓታት የሚጠብቅ መንገደኛ አዲስ አበባን እንዴት ያያል? ምንስ ያሳዩታል? ጥያቄው የሆቴልና የመኪና ኪራይ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። በመሠረቱ ግን አንድ ሕዝብ ታሪኩን በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሌላው ሕዝብ እንዴት ይተርካል የሚል የኪነ ጥበብ ጥያቄ ነው።

የመንገደኛው ጊዜ እንደ አንድ ገቢር ቴአትር የተወሰነ ነው። ስምንት ሰዓት አለው ቢባል፣ ለመውጫው ፍተሻ፣ ለመመለሻውና ለጥንቃቄ የሚተወው ጊዜ ሲቀነስ፣ ለከተማዋ የሚተርፋት አራት ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው። ከማረፊያው በር ሲወጣ እንኳን ግር የሚለው ነገር ይጠብቀዋል፤ የራሱ ሰዓት ሰባት ሲል የአገሬው ሰው አንድ ሰዓት ይለዋል፤ ዓመቱም ከእሱ ዓመት በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል። ጎበዝ ፀሐፌ ተውኔት ቢያገኘው ይህ ብቻውን ግሩም መግቢያ ይወጣው ነበር። የተለመደው ጉብኝት ግን እንደ ተራ የመንገድ መረጃ ያልፈዋል።

የተለመደው ጉብኝት የሚታወቅ መስመር አለው፦ ሙዚየም፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንጦጦ፣ መርካቶ፣ መጨረሻ ላይ ቡና። እያንዳንዱ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ጉድለቱ ከምርጫው ይልቅ በአቀነባበሩ ነው። አንዱ ትዕይንት ለሌላው ምክንያት አይሆንም፤ ከሙዚየሙ የተነሣው ጥያቄ በገበያው አይመለስም። ግጭት የሌለው፣ ወደ አንድ ፍጻሜ የማያመራ የትዕይንቶች ክምችት በመድረክ ላይ ቢቀርብ ተመልካቹ ያዛጋል። መንገደኛውም ፎቶግራፎቹን ይዞ ይሄዳል እንጂ ታሪኩን ይዞ አይሄድም።

በብሔራዊ ሙዚየም እንጀምር። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ከአፅሟ ከመቶ አርባው ገደማ ተገኝቷል። ለእይታ ዘወትር የሚቀርበው ቅጂው ነው፤ ዋናው አፅም በጥንቃቄ ተጠብቆ ይኖራል። አስጎብኚው ዕድሜዋን ተናግሮ ወደሚቀጥለው ክፍል ይነዳል። መንገደኛው ግን ከየትም አገር ይምጣ፣ በዚያች ትንሽ አፅም ፊት የራሱን የዘር ታሪክ እያየ ነው፤ በዚያ ቅጽበት እንግዳነቱ ቀርቶ ቤተኛ ይሆናል። የትዕይንቱ ሁሉ መነሻ ሊሆን የሚችል ሐሳብ ይህ ነበር። «ሁላችንም ከአንድ ምድር ከተነሣን፣ ከዚያ በኋላ እርስ በርሳችን ምን ተደራረግን?»

መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ከሙዚየሙ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተሂዶ ስድስት ኪሎ ላይ ቆሟል። የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በፋሺስቶች የተጨፈጨፈውን የአዲስ አበባን ሕዝብ ያስታውሳል። የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት ይህ ሐውልት ከግርጌው ዙሪያ የተቀረጹ ትዕይንቶች አሉት፤ ተመልካቹ እየዞረ እንዲያነባቸው የተሠሩ ናቸው። አንድ ቦታ ቆሞ አይቻቸዋለሁ ማለት የአንድን ተውኔት አንድ ገፅ አንብቦ ጨርሻለሁ እንደ ማለት ነው። ይሁንና የብዙዎቹ ጎብኚዎች መኪና በዚህ ሐውልት ዙሪያ ሲዞር መንገድ ለመቀየር ነው እንጂ ለማንበብ አይደለም።

ከዚያ ቁልቁል ተወርዶ የቸርችል ጎዳና ሲያዝ፣ ከተማዋ በአንበሶች ትናገራለች። በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ግዙፍና ማዕዘናዊ ነው፤ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የጆርጅ ጋርዴ አንበሳ ግን እውነታዊ ነው፤ ዘውድ ደፍቶ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ቆመ፤ በወረራው ዘመን ተነቅሎ ሮም ተወሰደ፤ ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ተመለሰ። የሁለቱ አንበሶች ርቀት በእግር የሚደረስ፣ የአሠራር ስልታቸው ልዩነት ግን የዘመን ነው። እነርሱን አነጻጽሮ የሚያሳይ አስጎብኚ መንገደኛውን የቅርፃ ቅርፅ ትምህርት በሩብ ሰዓት ያስተምረዋል። በዚሁ ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት አለ፤ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራው ይህ ሐውልት በሦስተኛ ቋንቋ ይናገራል።

እዚህ ላይ ሂስ ሊሸሸው የማይገባ ጉዳይ ይነሣል። ጋርዴና ካልካ ከፈረንሣይ፣ ሁለቱ ቀራፂዎች ከዩጎዝላቪያ፣ የትግላችን ሐውልት ሞያተኞች ከኮሪያ ናቸው። የአዲስ አበባ ጎልተው የሚታዩ ሐውልቶች ኢትዮጵያን የሚተርኩት በብዛት በውጭ እጅ ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ፋሺዝም በራሳቸው ሕዝብ ላይ ያደረሰውን ስለሚያውቁ የየካቲትን ሐዘን ተረድተውታል። ነውሩ ነገሩን መደበቅ ነው። መንገደኛው «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም የሚል ትረካ፣ ሌላውን ጥያቄ፣ «የአገሬው እጅ የት ነው?» የሚለውን፣ አብሮ ይቀብረዋል።

የዚህ ጥያቄ መልስ ወደ ቦሌ በሚመልሰው መንገድ ላይ ይገኛል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሥርቶበታል፤ ከታደሰ በኋላም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። በውስጡ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። ቀለሙ ከግድግዳ ቀለም ይለያል፤ በውጭ ያለው ብርሃን ሲቀያየር እሱም ይቀያየራል፤ የማለዳውና የሠርክ ሥዕሉ አንድ አይደለም። ከድንቅነሽ የተነሣው፣ በየካቲት 12 ደም ያለፈው፣ በአንበሶቹ የተጠየቀው ታሪክ እዚህ ፍጻሜውን ያገኛል፤ ያውም በኢትዮጵያዊ እጅ። ስፍራው በተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ውስጥ ስለሚገኝ መግባት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሆኖም አስቀድሞ ለሚያስብ አዘጋጅ ይህ የሚገታ እንቅፋት አይሆንም።

«መንገደኛው ደክሟል፤ በእንቅልፍ እጦት የታወከን ሰው በታሪክ ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል? ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ለድካም የሚያዝን ነውና። ነገር ግን ሰውን የሚያደክመው የትርጉም ብዛት ሳይሆን የትርጉም እጦት ነው። ያልተያያዙ አሥር ነገሮችን ከማየት የተያያዙ አራት ነገሮችን ማየት ይቀላል። ቡናውም ቢሆን በፍጻሜው፣ የታየውን ለመወያየት ሲቀርብ፣ እንደ ጥንቱ የቡና ሥርዓት የጨዋታ ሰበብ ይሆናል እንጂ የቱሪስት ጌጥ ሆኖ አይቀርም።

ነገሩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርገው የከተማዋ መለወጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው አካባቢ ተመርቋል። አዲሱ ይሠራ፤ ጎዳናውም ይስፋ። ሆኖም አንድ ሠፈር ሲፈርስ ሐውልቶቹን እርስ በርስ ያያያዘው ክር አብሮ ይበጠሳል፤ የቀሩት ብቻቸውን የቆሙ ቃላት ይሆናሉ። ቃላቱን መልሶ ዓረፍተ ነገር የሚያደርጋቸው ተራኪ ያስፈልጋል።

ተራኪው ግን ለባዕድ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። በየጠዋቱ በታክሲ ተጨናንቆ በስድስት ኪሎ የሚያልፈው ተማሪ፣ በለገሃር አንበሳ ሥር ወረፋ የሚይዘው ሠራተኛ፣ በቸርችል ጎዳና የምትወርደው መምህርት፣ ከእነርሱ ስንቱ ነው በሐውልቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሮ ያነበበው? የባዕዱ መንገደኛ ስምንት ሰዓት አለው፤ የአገሬው ሰው ዕድሜ ልኩን አለው፤ ሆኖም ሁለቱም ሳያዩ ሊያልፉ ይችላሉ። እንግዳውን ማስጎብኘት ያልቻለ ከተማ፣ መርምረው ሲያዩት፣ የራሱን ልጆችም ያላስጎበኘ ከተማ ነው።

ስለዚህ ሥራው የአስጎብኚው ብቻ አይደለም። መምህራን ክፍላቸውን ይዘው ስድስት ኪሎን ይዙሩ፤ ሠዓሊያንና ቀራፂያን የሁለቱን አንበሶች ልዩነት ለሕዝብ ይግለጹ፤ ፀሐፌ ተውኔቶች ለአስጎብኚው በአንድ ገቢር የሚነገር ትረካ ይድረሱለት። የከተማው ሕዝብ ታሪኩን ያወቀ ዕለት፣ የመንገደኛው ጥያቄ መልስ ፍለጋ የትም አይሄድም፤ የታክሲው ረዳትም ይመልስለታል።