ዘርና ጾታ በመሪ ምርጫ፤ ከአርብ ገበያ ሲታይ

ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. መንገሣቸው፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ሴት መሪን ለመቀበሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በእኛ አስተያየት ማስረጃው ይህን አይችልም። የመረጧቸው መኳንንቱና ጳጳሱ እንጂ ሕዝቡ አይደለም፤ ለዘውድ ያበቃቸውም የምኒልክ ልጅነታቸው ነው። ዘር ጾታን ረታ፤ ያውም በከፊል። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ፤ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌም ከእርሳቸው እንዲለዩ ተደረገ። (ወንድ ቢነግሥ ሚስትህን ልቀቅ ይባል ነበርን?) ጋይንት ራስ ጉግሣ የገዙት የበጌምድር ክፍል ነበረችና ነገሩ ለአርብ ገበያ ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም። ራሱም በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ተዋግተው ሞቱ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ድምፅ ፓርላማ መግባታቸው የተሻለ ማስረጃ ነው፤ ይሁን እንጂ የተመረጡት ለእንደራሴነት ነው። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴንም በ2011 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት የመረጧቸው ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የአርብ ገበያ መራጭ ድምፁን የሚሰጠው ለምክር ቤት አባል ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው።

እንግዲህ ተመራማሪ አርብ ገበያ ወርዶ «ሴት አገር ትመራለች ወይ?» ቢል የሚያገኘው ለእንግዳ የሚሰጥ የአክብሮት መልስ ነው። ይልቅስ በትምህርትና በሥራ እኩል የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አቅርቦ ያስመርጥ፤ ቀጥሎም ሴቲቱን የአገሩ ተወላጅ፣ ወንዱን የሌላ ብሔር ሰው አድርጎ ደግሞ ይጠይቅ።