ዘፈኑ ተገኘ፤ ፈራሚውስ?

አንድ ዘፈን በፊልም፣ በቴሌቪዥን ድራማ ወይም በማስታወቂያ ውስጥ እንዲሰማ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንደኛው የድርሰቱ ፈቃድ ነው፤ የሚሰጡትም ግጥሙንና ዜማውን የደረሱት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው የተቀዳው ድምፅ፣ ባለሙያዎቹ ማስተር የሚሉት ነው፤ እሱን የሚሰጠው ለቀረጻው ገንዘብ ያወጣው አሳታሚ ወይም በራሱ ወጪ ያስቀዳው ሙዚቀኛ ነው። አንዱ ተገኝቶ ሌላው ከጎደለ ዘፈኑ ገና አልተፈቀደም።

በአማርኛ ፊልሞችና ድራማዎች የሚደጋገም አንድ ትዕይንት ጉዳዩን ያሳያል። ከውጭ የተመለሰ ሰው ሻንጣውን በጋሪ እየገፋ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይወጣል፤ እናት እቅፍ አበባዋን እንደያዘች ትሮጣለች፤ ንግግሩ ይቆምና ዘፈን ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ትዝታ ነው። አዘጋጁ ዘፈኑን የሚመርጠው ገና ጽሑፉን ሲያነብ ነው፤ ፈቃዱ ትዝ የሚለው ግን ምስሉ በዘፈኑ ምት ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ዘፈኑን መቀየር ትዕይንቱን እንደገና ማረም ስለሚሆን ባለመብቱ የጠራውን ዋጋ መክፈል ይመጣል፤ ባለመብቱ ከተገኘ ማለት ነው።

የሙዚቃ ፈቃድ ሥራ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘፈን መምረጥ ጥሩ ጆሮ ይበቃዋል፣ ዋጋም በድርድር ያልቃል። ፈራሚውን ማግኘት ግን በአማርኛ ሙዚቃ አሠራር ቀላል አይደለም፤ ግጥም የሚጽፈው፣ ዜማ የሚያወጣው፣ የሚያቀናብረው፣ የሚዘፍነውና የሚያሳትመው አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸውና። በካሴት ዘመን ግጥምና ዜማ በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ በመተማመን፣ ብዙ ጊዜም ያለ ወረቀት ይሸጥ ነበር። ደራሲው የሸጠው ለዚያ ካሴት ብቻ ነው ወይስ ለዘለዓለም? አሳታሚው አንድ መልስ አለው፣ ደራሲው ሌላ፣ የደራሲው ልጆች ደግሞ ሦስተኛ።

ሕጉ ከአሠራሩ ቀድሞ ሄዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ለከዋኙና ለድምፅ ሪኮርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ የየራሳቸውን መብት ሰጠ፤ መብት ሲተላለፍም ሆነ ፈቃድ ሲሰጥ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ጠየቀ። የጥበቃ ዘመኑ ልዩነት ለፊልም ሠሪ ትልቅ ትርጉም አለው። ደራሲው በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የጋራ ድርሰት ከሆነ ቆጠራው የሚጀምረው ከመጨረሻው ደራሲ ሞት ነው። የተቀዳው ድምፅ ግን የሚጠበቀው ለ50 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት ከ50 ዓመት በፊት የታተሙ የአዲስ አበባ ሸክላዎች የድምፅ መብት አገር ውስጥ ዘመኑን እየጨረሰ ነው፤ ግጥማቸውና ዜማቸው ግን ገና በደራሲዎቹና በወራሾቻቸው እጅ ናቸው። ፊልሙ ወደ ሌላ አገር ከተሻገረ የዚያው ድምፅ የጥበቃ ዘመን ሊለያይ ይችላል። «ዘፈኑ አሮጌ ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚለው አነጋገር ከሕግ የመጣ አይደለም።

«ትዝታ የሕዝብ ነው» የሚለው ሌላው አባባል በግማሹ ትክክል ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ባለቤት የላቸውም። አንድ ድምፃዊ በቅኝቱ የተጫወተው፣ አንድ አቀናባሪ ያዘጋጀው፣ አንድ አሳታሚ ያስቀዳው ግን ባለቤት አለው። በጀቱ ያነሰ ፊልም በነጻው ቅኝት አዲስ ሙዚቃ ማስደረስና ማስቀዳት ይችላል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ሙዚቃውን ለፊልሙ የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር ነበሩ። እንዲህ ሲሆን ውሉ ከሥራው ጋር ይወለዳል፤ የጠፋ ባለመብት ፍለጋም አይኖርም።

ከአገር ወጥቶ ወደ ዓለም ስክሪን የደረሰውን ሙዚቃ ያስተዋለ አንድ ነገር ያያል፦ ፈራሚው የሚገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት በንጉሣዊ ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ እስከ 1975ም አሳተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እነዚህን ቅጂዎች ቡዳ ሙዚክ ከተባለው የፓሪስ አሳታሚ ጋር «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አወጣቸው፤ አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ነበሩ። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተሰኘውን ፊልሙን ሲሠራ የሙላቱን «የከርሞ ሰው»ና ሌሎችንም ተጠቀመ። ሙዚቃው ስምና አድራሻ ባለው አሳታሚ እጅ ስለነበር ፈቃድ ፈላጊ የሚያንኳኳው በር ነበረው። የሚያስፈግገው ነገር፣ በታሪኩ ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ሙዚቃውን ለዋናው ገጸ ባሕርይ የሚሰጠው ራሱ በቀዳው ሲዲ መሆኑ ነው፤ ፊልሙ ከፍሎ የገባበትን ነገር ገጸ ባሕርዩ በነጻ ያድለዋል።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገር ከዚህም ይቀልላል። ራሳቸው ደርሰው ራሳቸው በፒያኖ ብቻቸውን ተጫወቱት፤ የመጀመሪያው ሸክላቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም የተሰማው ያ ፒያኖ ነው። ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ያስቀዳውን «ሸሞንሟናዬ» የተጫወተው ብቻውን ነበር፤ አኮርዲዮኑም ኪቦርዱም የእሱ ነው። ኋላ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ ያገኘ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በስልክ አፈላልጎት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ፈቃድ የሚጠየቀው አንድ ሰው ነበር፤ ስልክ መደወልም በቃ።

እነዚህ ሥራዎች በብዛት ዘፋኝ የሌለባቸው ናቸው፤ የአዲስ አበባ ሰው «ክላሲካል» የሚላቸው ዓይነት። ከንግግር በታች የሚገባ ሙዚቃ ቃል ሲኖረው ከተዋናዩ ጋር ይሻማል። ስለዚህ ዘፈኑን በድምፅና ያለ ድምፅ በሁለት ፋይል ያስቀመጠ ሙዚቀኛ ለምስል ሥራ ተመራጭ ነው። አንዳንድ ስቱዲዮዎች ግን አልበሙ ከወጣ በኋላ የቀረጻውን ፋይል ያጠፉታል፤ ይህ የሚያስቆጭ ልማድ ነው።

ፈቃዱ ራሱ የሚጽፈው አራት ነገር ነው፦ በየትኛው መገናኛ፣ በየት አገር፣ ለስንት ጊዜ፣ ለብቻ ወይስ ከሌላ ጋር። ከአራቱ ብዙ ጠብ የሚያነሡት መገናኛውና አገሩ ናቸው። «ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቻ» ተብሎ የተፈረመ ድራማ በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፤ ኮንተንት አይዲ የተባለው የመለያ ሥርዓት ዘፈኑን ያውቀዋል፤ የክፍሉ የማስታወቂያ ገቢም ወደ ዘፈኑ ባለቤት ሊዞር ይችላል። ሳይታሰብ የሚገባ ሙዚቃም አለ፦ ቦሌ ካፌ ውስጥ ሲቀረጽ የተከፈተው ቴፕ፣ በሚያልፈው ሚኒባስ የሚሰማው ሬዲዮ። ጠንቃቃ የድምፅ ባለሙያ ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ቴፑን ያስዘጋል።

ማስታወቂያ ከፊልም የበለጠ የሚያስከፍለው ዘፈኑ ከዕቃው ጋር ስለሚጣበቅ ነው። የሰርግ ዘፈኑን ለሳሙና የሸጠ ድምፃዊ ዘፈኑ ሰርግ ቤት ሲከፈት ሳሙናው እንደሚታወስ ማሰብ አለበት። የደራሲውም ክብር አለ፤ የቅጂ መብት አዋጁ ከገንዘቡ መብት ሌላ የሞራል መብት ስለሚሰጠው ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲቀየር መቃወም ይችላል። የቆይታው ጊዜም በደንብ ይታሰብ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲያስወጣ በቢራ ስም የተሠሩ ማስታወቂያዎች በአንድ ጊዜ ከአየር ወርደዋል። «ማስታወቂያው በሕግ ቢታገድ ክፍያው ምን ይሆናል?» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ከመነሻው ክፍያ ሌላ፣ ሙዚቃው በቴሌቪዥን በተሰማ ቁጥር የሚታሰብ የሮያሊቲ ክፍያ አለ። በ2007 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጁ ማሻሻያ ቁጥር 872 ለዚህ የጋራ አስተዳደር ማኅበር በር ከፍቷል። ማኅበር ግን የሚከፍለው ማን ምን እንደሠራ ሲያውቅ ነው፤ ስለዚህ የድራማው አዘጋጅ የገባውን ሙዚቃ ርዕስ፣ የደራሲዎቹን ስምና የቆየበትን ሰከንድ ጽፎ ከድራማው ጋር ማስረከብ ይኖርበታል። 

በራሱ ወጪ የሚሠራ ሙዚቀኛ ይህን ሁሉ ለመጨረስ ከስቱዲዮ ሳይወጣ፣ ዘፈኑ በተጠናቀቀበት ዕለት፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። ወረቀቱ የዘፈኑን ርዕስ፣ የግጥም ደራሲውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውን፣ የድምፃዊውንና የአስቀጂውን ስም ከነአያት፣ የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ፣ ፊልም ወይም ማስታወቂያ ሲመጣ ስለ ሁሉም የሚፈርመውን አንድ ሰው፣ ቀኑንና አምስት ፊርማ ይይዛል።