ከፊልሙ ግርጌ ያሉት ሁለት መስመሮች

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የአሜሪካ ድራማ ስመለከት አንዲት ገጸ ባሕርይ «ዲጁ» ስትል ሰማሁ። የማላውቀው ቃል መሰለኝ። የኤስን ቁልፍ ስጫን ንግግሩ ከመነሻው ተደገመ፤ አሁንም «ዲጁ»። ሰባት ጊዜ ያህል ካስደገምኩ በኋላ ደብቄው የነበረውን የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ገለጥኩት። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የማውቃቸውን ሁለት ቃላት አገኘሁ፤ «ዲድ» እና «ዩ»። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተለያይተው ሲጻፉልን የኖሩት ቃላት ሰው አፍ ውስጥ ሲገቡ አንድ ሆነዋል። ስንት ዓመት እንግሊዝኛ ስማር ጆሮዬ ይህን ሳይሰማ መኖሩ በጣም አስቆጨኝ።

ያን ያሰማኝ ላንጉጅ ሪአክተር የተባለ ሶፍትዌር ነው። መጀመሪያ ላይ ላንጉጅ ለርኒንግ ዊዝ ኔትፍሊክስ ይባል ነበር። ኮምፒውተር ላይ ክሮም በተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ውስጥ የሚጫን ተጨማሪ (ኤክስቴንሽን) ሲሆን ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ ላይ ይሠራል። ከፊልሙ ግርጌ ሁለት መስመር ያወጣል፤ አንዱ ተዋናዩ የሚናገርበት ቋንቋ፣ ሌላው የተመልካቹ ቋንቋ። አንድን ቃል ሲነኩት ፍቺው ብቅ ይላል። የኤ ቁልፍ ወደ ቀደመው ንግግር ይመልሳል፣ ዲ ወደሚቀጥለው ያሻግራል፣ ኤስ ያስደግማል። እያንዳንዱ ንግግር ሲያልቅ ፊልሙ በራሱ እንዲቆምም ማድረግ ይቻላል።

ለእኔ የሶፍትዌሩ ትልቁ ሀብት ያቺ የማስደገሚያ ቁልፍ ናት። ሰው በአካል ሲያናግረን ሰባት ጊዜ «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አንልም፤ እናፍራለን፣ ነገሩ እንደገባን ሆነን እናልፋለን። ፊልሙ ግን አይሰለችም። የደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ቡድን የቢቲኤስ መሪ አርኤም እንግሊዝኛን «ፍሬንድስ» ከተባለው ተከታታይ ድራማ እንደተማረ ሲናገር ብዙ ወጣት ቀንቶበታል። ሆኖም ያ ድራማ 236 ክፍል አለው። ወሬው ውስጥ የሚዘለለው ይህን ሁሉ ክፍል የማዳመጡ ድካም ነው።

ወዳጆቼ ሶፍትዌሩን የወደዱት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው መስመር በአማርኛ ሊሆን ስለሚችል። እኔ የምቃወመውም ይህንኑ ነው።

አማርኛው ሰው የተረጎመው አይደለም፤ የማሽን ትርጉም ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ» አንተንም፣ አንቺንም፣ እርስዎንም፣ እናንተንም ይሸከማል። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ «አንተ»ን ይመርጣል። ስለዚህ ልጅ እናቱን እያየ ሲናገር ከግርጌ «የት ነበርክ?» የሚል ይነበባል። ይህ ሲያዩት ስለሚታወቅ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው የማይታወቀው ነው። «ፒክ አፕ» የሚለውን እንውሰድ። ስልክ ማንሳትም ነው፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ማምጣትም ነው፣ ልማድ መቅሰምም ነው። «ፒክ»ን ለብቻው ነክቶ «መረጠ» የሚል ፍቺ የያዘ ተማሪ ከሦስቱ አንዱንም አላገኘም። የእኛን «ያዘ» አስቡት። ጉንፋን ያዘኝ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ ቂም ያዘብኝ፣ ቀጠሮ ይዣለሁ። አንድ የውጭ አገር ሰው «ያዘ ማለት በእጅ ጨበጠ ነው» ብሎ ደብተሩ ላይ ቢጽፍ ቃሉን ተማረ እንላለን?

ትርጉሙ ፍጹም ቢሆን እንኳ ችግሩ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሆልገር ሚተረርና ጄምስ ማክዊን የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የሚችሉ የኔዘርላንድስ ተማሪዎችን በስኮትላንድና በአውስትራሊያ ዘዬ የሚነገሩ ፊልሞች አሳዩ። ለአንዳንዶቹ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል፣ ለአንዳንዶቹ የደች፣ ለሌሎቹ ምንም አልተሰጠም። ከዚያ ያልሰሟቸውን አዳዲስ ንግግሮች እንዲደግሙ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ያነበቡት በለጡ፤ በራሳቸው ቋንቋ ያነበቡት ምንም ካላነበቡትም አነሱ። ጥናቱ የለካው ጆሮን እንጂ የቃላትን ብዛት አይደለም። ቢሆንም ያልተሰማ ቃል እንዴት ይያዛል? አማርኛው ከግርጌ ሲኖር ዓይናችን ወደሚቀለው ይሄዳል፣ ጆሯችን ይተኛል።  

ሌላው ጥያቄ ለማን ይሆናል የሚለው ነው። ስቱዋርት ዌብና ማይክል ሮጀርስ 318 ፊልሞችን መርምረው፣ ከሰውና ከቦታ ስሞች ሌላ በብዛት የሚነገሩትን 3,000 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነርቢዎቹ እንደ አንድ ተቆጥሮ) የሚያውቅ ተመልካች ከሚሰማው ቃል 95 በመቶ ያህሉን እንደሚያውቅ አሳይተዋል። ከሃያ ቃል አንዱ ይሰወረዋል ማለት ነው፤ ይህ ታሪኩን እየተከተሉ አዲስ ቃል ለመልቀም የሚመች ልክ ነው። ገና አምስት መቶ ቃል የያዘ ጀማሪ ግን በየዓረፍተ ነገሩ እየቆመ ፊልሙንም ቋንቋውንም ይጠላል። ለእሱ ቀለል ያሉ የንባብ መጻሕፍት ይሻሉታል። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚጋፈጥ ተማሪም ይህን ይወቅ፤ ድራማ የሰፈር ንግግር ያስተምረዋል እንጂ የባዮሎጂ መጽሐፉን አይፈታለትም።

አቅርቦቱም ያሳስበኛል። እዚህ አገር አብዛኛው ወጣት ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልክ ነው፤ ይህ ኤክስቴንሽን ደግሞ የኮምፒውተር ነው። ቃላትን አስቀምጦ ለመከለስ ክፍያ ያስፈልጋል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። እኔ ቃላቱን በደብተር ነው የማሰፍረው፤ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሩ። የተከፈለበት ክፍል ቀረብኝ ብዬ አላውቅም።

ሶፍትዌሩ ጥሩ ነው፤ መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ከጫናችሁት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ንግግሩን መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ስሙት፣ ካልያዛችሁት አስደግሙት፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን ግለጡ። የአማርኛውን መስመር ግን ዛሬውኑ አጥፉት።