የሞቱ በጎች ስንት ዓመት ናቸው?

የበግ ሞትንና የሰው ሕመምን በአንድ ሚዛን መለካት ይቻላል? የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት በሽታ ስርጭት ተመራማሪ ፖል ቶርገርሰን ሞክረውታል።

ብዙ የደከሙት በውሻና በበግ መካከል በሚዘዋወረው በኢኪኖኮከስ ትል ላይ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ከፈረሰች በኋላ በካዛክስታንና በኪርጊዝስታን ትልልቅ የመንግሥት እርሻዎች ተበተኑ። በጎች እቤት ይታረዱ ጀመር፣ ሆድ ዕቃው ለውሻ ተጣለ፣ በሽታውም በሰው ላይ በረከተ።

በ2018 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር «ዜድ-ዳሊ» የተባለ መለኪያ አቀረቡ። በሕመምና በሞት በሚባክነው የሰው ዕድሜ ላይ የእንስሳቱን ኪሳራ ይደምራል። እንዴት? ኪሳራውን በገንዘብ ተምኖ ለአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ ያካፍለዋል፤ ገንዘቡ ወደ ዓመት ይቀየራል። በምህንድስና ዓይን ሲታይ ንጹሕ ሥራ ነው፤ አሃዶቹ ይገጥማሉ።

አካፋዩ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። እስቲ አስሉት፦ የሞቱት በጎች 10,000 ብር ቢያወጡና የአገሪቱ አማካይ ገቢ በዓመት 20,000 ብር ቢሆን፣ ኪሳራው ግማሽ ዓመት ነው። በዓመት 10,000 ብር ለሚያገኝ እረኛ ግን የሙሉ ዓመት ኑሮው ነው! አማካዩ ግማሹን ዋጠበት።

ስለዚህ ቀመሩ ይጣል አልልም። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ አካፋዩ ግን የባለበጉ ገቢ ቢሆን ይሻላል። በጀት የሚመደበው ቁጥር እየታየ ነውና፣ በአማካይ የተሸፈነ እረኛ ክትባቱም ሕክምናውም ዘግይቶ ይደርሰዋል።